ሁለት ፊደል

አል ዓይን ገበያ፣ ከወርቅ ቤቶች ጀርባ፣
ሻፊቅ ሲም ይሸጣል፣ ሱቁ ሁለት ሰው አያስገባ።
«ሮሚንግ ነው» አለኝ፣ «ዓለም አቀፍ ካርድ፣
አገር አይመርጥም፣ አይጠፋም በመንገድ።»
ሠላሳ ድርሃም ቆጠርኩ፣ የአንድ ቀን ላቤን፤
በመርፌ ከፍቼ፣ ከሲሙ ጋር አብሬ ከተትኩበት ልቤን።

ማዳም ስትተኛ፣ ልጆቹ ሲያሸልቡ፣
በብረት መሰላል እወጣለሁ ጣራ፤
ከዚያ ነው መንገዱ የሚወስድ ሐርቡ።

ከውኃው ጋን ግራ ብቆም ስልኬ ኢማራት ነው፣
ከጋኑ ቀኝ ብቆም ኦማን ገባ ያው።
በሁለት እርምጃ፣ ያለ ማኅተም፣ ያለ ቪዛ፣
ሲሜ ድንበር ይሻገራል፣ ሒሳቤን ሲያበዛ።
«እንኳን ደህና መጡ» ይለኛል መልእክቱ፣
ለእኔ፣ ዓመት ሙሉ ላልወጣሁ ከቤቱ።

አንዳንዴ ይጠራል፣ ማንም ሳያነሣ፤
አንዳንዴ ይነሣል፤
አፌን እከፍታለሁ፣ ድምፅ የሌለኝ ዓሣ።
አንዳንዴ የገዛ ድምፄ ዞሮ ይመጣል፣
«ሄሎ» ስል «ሄሎ»ዬ እኔኑ ይጠይቃል።
አባቴ ስልክ ላይ የሚታየው ቁጥር የማያውቀው አገር ነው፤
«አጭበርባሪ ይሆናል» ብሎ ይዘጋብኛል፣ ልጁን፣ በጤናው።

በነሐሴ አንድ ሌሊት፣ ሙቀቱ ሲሚንቶውን ገና ሳይለቀው፣
ዘይቱና ደወለች። ታናሼ። ድምጿ ሩቅ ነው።
«ኤጀንሲው ጠርቶኛል፣ ነገ ነው ፊርማው፤
አባባ ዝም አለ፤ አንቺ ነሽ የምታውቂው።
ልፈርም ወይስ ልተው? በአንድ ቃል ንገሪኝ፣
ካርዴ ሊያልቅ ነው፣ ቶሎ መልሺልኝ።»

በአንድ ቃል!
ከየቱ ልጀምር?
ከመኝታዬ በር ከተነቀለው ቁልፍ?
ቆሜ ከምጎርሰው ትራፊ?
ልብስ ስተኩስ ከሚጥለኝ እንቅልፍ?
ካዝና ውስጥ ካደረ ፓስፖርቴ?
ካልተከፈለኝ ሦስት ወር?
ለቤት ስልክ «ደህና ነኝ» እያልኩ ካከማቸሁት ነገር?

ጊዜ አልነበረም። ሁሉን በአንድ ቃል ጠቀለልኩ።
የኤሲው ሞተር ጮኸ፤ እንድትሰማኝ ብዬ
ከጋኑ ወደ ቀኝ ፈቀቅ አልኩ።
«አትፈርሚ»
አልኩ።

ጭጭ አለ ስልኩ።

መልሼ ደወልኩ። አሥራ አንድ ጊዜ፣ ያቺ የማላውቃት ሴት፣
«ደንበኛው ለጊዜው አይገኙም» አለችኝ፣ በማይቆጣ አንደበት።
ግን ሰምታለች አልኩ። አንድ ቃል ነው፣ ምን ይከብዳል?
ሰምታ ነው የተዘጋው። ሰው በዚህ ይጽናናል።
ወርጄ ተኛሁ።

በኅዳር ስልኬ ጮኸ፤ ቁጥሩ የኦማን።
«ደረስኩ እኮ!» አለች፤ «ቡረይሚ ነኝ አሁን።
እህቴ አጠገብ ብዬ ስንቱን ለመንኩ መሰለሽ!
ያ መብራት የተከለለት ተራራ ከዚህ ይታያል፣
ላንቺም ይታያል ወይ? የት ጋ ነሽ?»
ዝም አልኩ።
«ምነው? ኔትወርኩ ነው እንዴ?
‹ፈርሚ› ያልሽኝ አንቺ፣ እታለም፣ ሆዴ።»

ፈርሚ።
ሁለት ፊደል ጎደለ። አንዱ አ፣ አንዱ ት።
የት ወደቁ ይሆን?
ድንበሩ ሽቦ ላይ እንደ ፌስታል ተንጠልጥለው ይሆን፣
ነፋስ ሲያራግባቸው ሌሊት?

ሻፊቅ ስልኬን አገላብጦ አየና «ይሠራል» አለ፤
«አየሽ? አምስቱም ዘንግ ሙሉ። ምንም አልጎደለ።»

ከእሷ ጣራ እስከ እኔ ጣራ በእግር አንድ ሰዓት አይሞላ፤
የእሷ ፓስፖርት እዚያ ተቆልፎ፣ የእኔ እዚህ፣ መሀሉ አጥርና ኬላ።
ደቂቃው ግን በውጭ አገር ሒሳብ ይቆረጣል።
ዓርብ ማታ ትደውላለች።
«እጅሽ እንዴት ነው?» እላለሁ። «ትንሽ ቆስሏል» ትላለች፣
«ይድናል። አንቺ ችለሽው የለ?»
እነግራታለሁ እላለሁ። ስለ ጋኑ፣ ስለ ሁለቱ ፊደል፤
«ዘይቱና፣ ያን ሌሊት እኮ...» ብዬ እጀምራለሁ፤
ይቋረጣል።

ኔትወርኩ አይደለም።